ክዳኑ የጠበቀው ሽሮ

መጀመሪያ የመጣው ሕመሙ አይደለም። መጀመሪያ ቀኝ ወገኔ ጠፋ። ማድ ቤት ውስጥ ቆሜያለሁ፤ በግራዬ መስኮቱ አለ፣ መጋረጃው አለ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ አለ። በቀኜ ግን ምንም የለም። ሕመሙ የደረሰው አንድ ጊዜ ከተነፈስኩ በኋላ ነው። ሲደርስ ደግሞ ብቻውን አልመጣም፤ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አስከትሎ መጣ።

ቀኑ ዓርብ ነው፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም። ዓይኔን ያቃጠለው የጦር መሣሪያ አይደለም። ሽሮ ነው።

ታዬ እባላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በአዳማና በሁሩታ መካከል ሚኒባስ ነድቻለሁ። መናኸሪያ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ አንድን ነገር በልኩ እንደማልተወው ያውቃል። አንድ ጎማ ቢፈነዳብኝ አራቱም ፈነዱ እላለሁ፤ አራቱም ቢፈነዱ መኪናዋን ተሸክሜ ገባሁ እላለሁ። ሐኪሞች የነገሩኝን ግን እዚህ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የማስቀምጠው። የምጽፈው ቤታችሁ ማይክሮዌቭ ላላችሁ ነው። አንድ ዓይናችሁ ታሽጎ በሌላው ይህን ለምታነቡም ነው። እናንተን አውቃችኋለሁ፤ ደህናው ዓይናችሁም አብሮ ያለቅሳል።

ማይክሮዌቩን ያመጣችልን ባቱ ያገባችው ልጃችን ናት። አበባ እርሻ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አባቷ ከመስመር ሲመለስ ቀዝቃዛ ምሳ እንደሚበላ ስለምታውቅ አዘነችልኝ። ካርቶኑ ውስጥ መመሪያ ነበረው፤ ብዙ ጽሑፍና ትንንሽ ሥዕሎች። ባለቤቴ ወይንሸት አንብብልኝ አለችኝ። አነበብኩላት፤ ግን እንደ ጠባዬ ነው ያነበብኩላት። አንዱ ሥዕል ላይ ክዳኗ የተገጠመ ጠርሙስ አለች፤ በላይዋ ቀይ መስመር ተሰምሮባታል። «ይቺ ደግሞ ምን አጥፍታ ነው የተሰረዘችው? ከሥራ አባረሯት እንዴ?» አልኳት። ወይንሸት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። መመሪያው ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሳቢያ ማንጠፊያ ሆነ። ያቺ ጠርሙስ ግን እዚያ የቆመችው ለእኔ ነበር።

በእኛ ቤት ዕቃ አይጣልም። የለውዝ ቅቤ ያለቀበት፣ ማር ያለቀበት፣ ማርማላታ ያለቀበት ሁሉ ታጥቦ ይቀመጣል፤ የእናንተም ቤት እንደዚያው እንደሆነ አልጠራጠርም። ልጃችን ስትወልድ ወይንሸት አራሷን ልትንከባከብ ወደ ባቱ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ወፍራም ሽሮ ሠርታ፣ በእነዚህ የሚዞር ክዳን ባላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች ከፋፍላ፣ ፍሪጅ ውስጥ ደረደረችልኝ። በቀን አንድ ዕቃ፤ እንደ ወታደር ስንቅ። ሳህን ላይ ገልብጬ፣ ጠብታ ውኃ ጨምሬ፣ ሌላ ሳህን ደፍቼበት፣ መሃል ላይ እያማሰልኩ እንዳሞቅ ደጋግማ ነግራኛለች። ሰምቻታለሁ። መስማትማ ሰምቻታለሁ።

ሽሮ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ምድጃ ላይ እንኳ ትክ ትክ ሲል ይተፋል። የመጀመሪያው ቀን ሳልከድነው አሞቅኩትና የማይክሮዌቩ ጣሪያና ግድግዳ በሽሮ ተለሰነ፤ ስጠርግ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። እሺ፣ ሩብ ሰዓት። በአምስተኛው ቀን ብልሃት መጣልኝ። ሁለት ሳህን ማቆሸሽ ምን ያደርጋል? ዕቃው የራሱ ክዳን አለው። እንዳይተፋ ክዳኑን አጠበቅኩት። የጎማ ብሎን እንደማጠብቅ አድርጌ አጠበቅኩት። አራት ደቂቃ ሞላሁ።

ሲጮህ ከፈትኩ። ክዳኑ እንደ ጉልላት ተነፍቷል፤ የዕቃው ሆድም ወጣ ብሏል። መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን ሳቅኩ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁና «ሽሮሽም አርግዛለች» ብዬ ለወይንሸት ላክሁላት። ከዚያ ዕቃውን በፎጣ ይዤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጎንበስ አልኩበት። በቀኝ እጄ ክዳኑን አዞርኩ።

ግማሽ ዙር አልሞላም።

ፈነዳ።

ውኃ ቢሆን ይወርድ ነበር። ሽሮ አይወርድም። ዘይት አለው። ይጣበቃል። በተጣበቀበት ማቃጠሉን ይቀጥላል። ጉንጬ ላይ ተጣበቀ። አንገቴ ላይ። እጄ ላይ። ዓይኔ ውስጥ። በእጄ ጠረግኩት። ቆዳው አብሮ መጣ።

ቧንቧውን ከፈትኩ። ነፋስ ብቻ ተነፈሰ። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ያን ቀን የእኛ ሰፈር ተራ አልነበረም። በርሜሉ ሙሉ ነበር። ግን ለሦስት ቀን መብቃት አለበት። ልማድ ክፉ ነው። አንድ ጣሳ ቀድቼ ፊቴ ላይ ደፋሁ። ሌላ አንድ ጣሳ ደገምኩ። ከዚያ በርሜሉን ከደንኩት። ዓይኔ እየተቃጠለ ውኃ ቆጠብኩ።

ቀጥሎ የሰፈራችንን ሕክምና ወሰድኩ፤ የጥርስ ሳሙና። በልጅነቴ ክንዴ ሲቃጠል እናቴ የቀባችኝ እሱን ነው። ጎረቤት ሁሉ የሚቀባው እሱን ነው። ጉንጬን ቀባሁ። አንገቴን ቀባሁ። የዓይኔን ቆብ ቀባሁ። ቀዘቀዘኝ። ያ ቅዝቃዜ ውሸታም ነው፤ ከእኔ የባሰ ውሸታም።

ለወይንሸት ደወልኩ። ሽሮው ፈነዳ፣ ዓይኔ ጠፋ አልኳት። ሳቀች። ከኋላዋ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ልጃችንም ትስቃለች፤ ፎቶውን አይተውታል።

«ሽሮዋ ታዲያ ወንድ ነው ሴት የወለደችው?» አለችኝ።

ከዚያ ሕፃኑን ልጠብ ብላ ስልኩን ዘጋች።

አልፈረድኩባትም። ከሦስት ቀን በፊት ደውዬ ማይክሮዌቩ ድመቷን ዋጣት ብያታለሁ፤ ለድመቷ አልቅሳላት ነበር። ቀጥዬ ባልደረባዬ የነገ ተራዬን እንዲይዝልኝ ደወልኩለት። ዓይኔ ተቃጥሏል ስለው፣ ባለፈው ወር ጅብ ነከሰኝ ብለህ አልነበር የቀረኸው አለኝ። ተራዬን እንደሚይዝ፣ ለጅቡም ሰላምታ እንዳቀርብለት ነግሮኝ ዘጋ።

ሦስተኛ ሰው ለመጥራት አፈርኩ። ይህን በግልጽ ልጻፈው፤ ከእናንተም መካከል ይህ ዕፍረት የያዘው ይኖራልና። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲያስቅ የኖረ ሰው፣ ሽሮ አሸነፈኝ ብሎ ሐኪም ፊት መቆም ከበደው። ያብጥና ይለቃል አልኩ። መስኮቱን ጋርጄ ተኛሁ።

ጠዋት የዓይኔ ቆቦች ተጣብቀዋል። በጣቴ ሳላቅቃቸው ቢጫ ፈሳሽ ወጣ። ብርሃኑ እንደ መርፌ ወጋኝ። ውስጡ አሸዋ የተሞላ ይመስላል። በቀኝ ዓይኔ መስኮቱን ፈለግኩ። መስኮት የለም። ነጭ ጭጋግ ብቻ። እዚያ ላይ ፈራሁ። ሹፌር ነኝ። ከኋላዬ አሥራ ምናምን ሰው ተቀምጦ፣ ከፊቴ የጭነት መኪና እየመጣ፣ ሁላችንንም በሰላም የሚያሳልፉን ሁለት ዓይኖቼ ናቸው። ሌላ ሙያ የለኝም።

አዴ ጫልቱ ጎረቤታችን ናቸው፤ ስድሳን ያለፉ፣ ዶሮ የሚያረቡ ሴት። በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብዬ አውራ ዶሯቸውን እሰድባለሁ። ድምፁ ተበላሽቷል፣ መስመር ወስጄ በወያላነት ላሠልጥነው እላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ከአንተ ድምፅ የእሱ ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ ሰዓት ያውቃል ይሉኛል። ሰባት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው።

ያን ቀን ጠዋት በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።

«ማል ታቴ?» አሉኝ፤ ምን ሆነህ ነው ማለታቸው ነው።

የምመልሰው ቀልድ ፈለግኩ። አንድ እንኳ አልመጣልኝም።

ፊቴን አዩት። አልጮሁም። ነጠላቸውን አውልቀው ራሴ ላይ ጣል አደረጉና ከብርሃኑ ከለሉኝ።

«ዛሬ ድምፅህን ሳልሰማ ዶሮዎቼን አወጣሁ» አሉ። «የሆነ ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።»

ባጃጅ ጠርተው አስገቡኝ። በየጉድጓዱ ላይ ባለባጃጁን «ሱታ፣ ሱታ» ይሉታል፤ ቀስ በል ነው። እኔ የሌላ ሰው መኪና ውስጥ አፌን ዘግቼ ስሄድ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

የዓይን ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። መጀመሪያ ማደንዘዣ ጠብታ አደረገችልኝ፤ ከዚያ ዓይኔን ኖርማል ሳላይን በሚሉት የጨው ውኃ አጠቡት። ሁለት ከረጢት ሙሉ ፈሰሰበት። ከቆቡ ሥር የደረቀ ሽሮ ወጣ። ቀጥሎ ነጭ ነገር ወጣ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች።

«የጥርስ ሳሙና።»

«ማን ነው የቀባዎት?»

«እኔው ነኝ።»

ሐኪሟ ቆቡን ገልብጣ እንደገና አጠበችው።

ፍሎረሲን የሚባል ቀለም ጠብ አድርጋልኝ፣ ስሊት ላምፕ በሚሉት መሣሪያ ላይ አገጬን አስደገፈችኝ። በሰማያዊው ብርሃን የቆሰለው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል አለችኝ። ብዙ ቆየች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ስባ ነገረችኝ።

«ኮርኒያዎ ተቃጥሏል፤ ይኼ የዓይን ፊተኛው መስተዋት ነው። ከትናንት ወዲህ ደግሞ ኢንፌክሽን ገብቶበታል። ኬራታይተስ እንለዋለን። ዓይኑን ለማትረፍ እንሠራለን። ማየቱን ግን ዛሬ ቃል አልገባልዎትም።»

ጨረሩ ገብቶብኝ እንደሆነ ጠየቅኳት። በሰፈራችን የማይክሮዌቭ ጨረር ቤት ለቤት እየዞረ ሰው ይፈልጋል ይባላል፤ ወሬውን ካስፋፉት አንዱ እኔ ነኝ።

«ጨረሩ አይደለም የጎዳዎት» አለች። «በሩ ሲከፈት እሱ ይቆማል። የጎዳዎት እንፋሎት ነው። መውጫ አጥቶ የተጠራቀመ እንፋሎት።»

አስተኙኝ። የጉንጬ፣ የአንገቴና የእጄ ቃጠሎ ሁለተኛ ደረጃ ነው ተባለ። የቴታነስ መርፌ ወጉኝ። እጄን ሲልቨር ሰልፋዳያዚን በሚባል ቅባት ቀብተው አሰሩት፤ ፊቴ ግን ለዓይን ቅርብ ስለሆነ ሌላ ቅባት ነው የተቀባው። ዓይኔ ውስጥ በየሰዓቱ አንቲባዮቲክ ይጨመራል። ቀንም ሌሊትም። በየሰዓቱ። ፋሻው ሲቀየር አልጋውን እነክሳለሁ። ይህ ግነት አይደለም።

ወይንሸት በዚያው ቀን ከባቱ ደረሰች። አዴ ጫልቱ ናቸው የደወሉላት፤ እሳቸው ሲናገሩ ማንም አይስቅም። አልጋዬ አጠገብ ቆመች። የአልጋውን ብረት ያዘች።

«ሳቅኩብህ» አለች።

«ያሳቅኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

ስለዚያ ስልክ ከዚህ ሌላ አልተነጋገርንም። ጠብታውን ከሲስተሯ ተቀብላ በየሰዓቱ ትጨምርልኝ ጀመር። ስትጨምር አታወራም። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል፤ መቁጠር ይሁን መጸለይ አልጠየቅኳትም። እኔም አላወራሁም። አጠገቤ የተኛው ሽማግሌ በአራተኛው ቀን፣ እኚህ ሰውዬ መናገር አይችሉም እንዴ ብሎ ጠየቃት። ወይንሸት ያን ጊዜ ነው አንገቷን ደፍታ ያለቀሰችው።

በስድስተኛው ቀን ሐኪሟ አይታኝ «ቁስሉ መስፋቱን አቁሟል» አለች። ሦስት ቃል ነው። በሕይወቴ ከሰማሁት ወሬ ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው፤ ልጄ ወለደች ከተባልኩበት ቀን እንኳ ይበልጥብኛል፣ ይቅር ትበለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀኖች ቀስ እያሉ፣ ልክ በጥቅምት ጠዋት ከዝዋይ ሐይቅ ላይ ጭጋግ እንደሚነሳ ቀስ እያሉ ተከፈቱ። መጀመሪያ ብርሃንና ጨለማን ለየሁ፣ ቀጥሎ የግሉኮስ ማንጠልጠያውን ዘንግ፣ ቀጥሎ የወይንሸትን ነጠላ ጥለት ቀለም፤ አረንጓዴ መሆኑን ነግሬያት ሰማያዊ ነው አለችኝ፣ በግራ ዓይኔ አይቼ አረንጓዴ መሆኑን ሳረጋግጥ ባሏን ልታበሽቅ እንደሆነ ገባኝ፤ ያን ቀን ሚስቴ ከእኔ ተምራ እኔኑ ቀለደችብኝና በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ፣ ጉንጬ ላይ ያለው ቅርፊት ተሰንጥቆ እስኪደማ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ለወራት ተመላለስኩ። ጉንጬ ከሐምራዊ ወደ ቡናማ እየተለወጠ ዳነ፤ አዳማ ፀሐይ ውስጥ ያለ ባርኔጣ እንዳልወጣ ስለተነገረኝ፣ ክረምት ከበጋ ባርኔጣ አድርጌ ለሰፈሩ ሰዎች ጡረታ የወጣ ዘበኛ መስያቸዋለሁ። እጄ ይጨበጣል፣ ይዘረጋል። የዓይኑ ሰሌዳ ፊት የቆምኩበት ቀን ግን ሌላ ነው። ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ። እግሯ ወዴት እንደዞረ የሚጠየቅባት ያቺ ፊደል አለች። የመጀመሪያውን መስመር አየሁ። ሁለተኛውን አየሁ። ሦስተኛው ላይ እግሮቹ ተዋሃዱ። ወደ ላይ ነው አልኩ፤ ገምቼ። ሐኪሟ አወቀችብኝ።

«ኮርኒያው መሃል ላይ ጠባሳ ቀርቷል» አለችኝ። «ዓይንዎ ተርፏል። ሰው ጭነው መንዳት ግን አይችሉም።»

የኮርኒያ ንቅለ ተከላ የሚባል ነገር እንዳለ፣ አዲስ አበባ ተልኬ ልመዘገብ እንደምችል፣ ተራው መቼ እንደሚደርስ ግን ማንም እንደማይነግረኝ አስረዳችኝ። ተመዝግቤያለሁ። እየጠበቅኩ ነው። አንድ ነገር ጠየቅኳት፤ ዓርብ ዕለቱን መጥቼ ቢሆንስ? ትንሽ አሰበች። «ኢንፌክሽኑን እንቀድመው ነበር ብዬ አስባለሁ» አለች። የዚህ ጽሑፍ ሁሉ ክብደት እዚያ ላይ ነው። ሽሮው ዓይኔን አቃጠለው፤ መሪውን ከእጄ የወሰደው ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፣ አፍሬ የተኛሁበት።

አሁን መናኸሪያ ውስጥ ተራ አስከባሪ ነኝ። ድሮ ስነዳት የነበረችው ሚኒባስ ስትወጣ ጣራዋን መታ መታ አድርጌ እሸኛታለሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

የተማርኩትን ልንገራችሁ። ክዳኑ የጠበቀ ነገር ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡ፤ ፕላስቲክም ይሁን ጠርሙስ፣ የሕፃን ጡጦም ቢሆን። እንዳይተፋባችሁ ከፈለጋችሁ ሳህን ደፉበት፤ ሳህን እንፋሎቱን በጎን ያስወጣል። ሽሮ፣ ገንፎና አጥሚት ወፍራም ስለሆኑ ላያቸው ለብ ብሎ ውስጣቸው ሊፈላ ይችላል፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ አሙቁ፣ አማስሉ፣ ሲያበቃም አንድ ሁለት ደቂቃ ተዉት። እንቁላል ከነቅርፊቱ አይገባም። የተቀቀለና የተላጠም ቢሆን ቁረጡት እንጂ ሙሉውን አታሙቁ። ንጹሕ ውኃ እንኳ ሳይንተከተክ ከልክ በላይ ሊሞቅና ስትነኩት ድንገት ሊገነፍል ይችላል፤ ፊታችሁን አታስጠጉ። ሳህኑን ስትከፍቱ ከፊታችሁ ራቅ አድርጋችሁ፣ ወደ ወዲያኛው ወገን ክፈቱ። አብጦ ካያችሁት ደግሞ በሩን ዝጉትና እስኪበርድ ጠብቁ። ፎቶ አያስፈልገውም።

አንድ ሰው ከተቃጠለ ውኃ አፍስሱበት። ሃያ ደቂቃ። ዓይን ከሆነ ቆቡን ከፍታችሁ በንጹሕ ውኃ እያጠባችሁ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ። ቧንቧው ከሌለ በርሜሉን ጨርሱት። ለነገ ምን እንጠጣለን አትበሉ፤ ነገ ጎረቤት አለ። የጥርስ ሳሙና የጥርስ ነው። ቅቤ የወጥ ነው። እንቁላልም የዶሮዋ ነው።

አሁን ለታመማችሁ ደግሞ፤ ጠብታው በየሰዓቱ ከተባለ በየሰዓቱ ነው። ሌሊቱ አይነጋም የሚያስብል ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ስድስተኛው ቀን አለ። ለሁሉም ሰው በስድስተኛው ይመጣል ብዬ ቃል አልገባም፤ ሐኪሟ ለእኔ ቃል እንዳልገባችልኝ ሁሉ። ግን ሲመጣ ዓይናችሁ እዚያው ይጠብቀው።

ሐኪሟንና ሲስተሮቹን አመሰግናለሁ። በሠርጓ ቀን ያልማለችልኝን ሁሉ በየሰዓቱ ጠብታ የፈጸመችልኝን ወይንሸትን አመሰግናለሁ። የልጅ ልጄ ክርስትና ሲነሣ አቅፌው ነበር፤ ግራ ዓይኔን ጨፍኜ በቀኙ ልየው ብዬ ሞከርኩ። አፍንጫ የሌለው ክብ ብርሃን ነው። በግራው ሳየው ግን አፍንጫው የእኔ ነው፤ ምስኪን።

ማይክሮዌቩ ዛሬም ቤታችን አለ። መመሪያው ከመሳቢያው ወጥቶ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ የተሰረዘችው ጠርሙስ ባለችበት ገጽ።

ቀልድም አልተውኩም፤ ሐኪም አልከለከለኝም። በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብዬ አውራ ዶሮውን እሰድባለሁ። አዴ ጫልቱ እንደ ድሮው መልስ አይሰጡኝም። እስክጨርስ ቆመው ያዳምጡኛል።

«አለህ» ይሉኛል፤ ከዚያ ዶሮዎቻቸውን ያወጣሉ።